አባቴም ወንድሜም ወገባቸውን ያማቸዋል፣ እኔስ? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ወገብ ህመም አጭር ፅሁፍ አውጥተን ነበር፣ የፃፍነው ስለ አቀማመጥና እቃ ስለማንሳት ነበር። ከዛ በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ ስለ አቀማመጥ አይጠይቁም፣ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ነው የሚደርሱት፣ "ይሄ ነገር በዘር ነው ወይ?" ነው የሚሉት። ስለዚ የዛሬውን አምድ ሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ብለን አሳጥረናቸዋል፣ የማንንም ስም አልፃፍንም።

ጥያቄ፦ እድሜዬ 36 ነው፣ አዳማ ነው የምኖረው፣ ባንክ ውስጥ ነው የምሰራው። አባቴ ገና በ50ዎቹ እድሜው ወገቡ አላሰራ ብሎት ስራ አቁሟል፣ ታላቅ ወንድሜ ዲስክ ተንሸራቶበት ኦፕራሲዮን ተደርጓል፣ አጎቴም ያው ነው። አሁን ደሞ እኔን ጀመረኝ። ኤምአርአይ ተነስቼ "ኤል ፎር ኤል ፋይቭ እና ኤል ፋይቭ ኤስ ዋን (የወገብ የታችኞቹ ሁለት ዲስኮች) ዲጀነሬትድ (የደከሙ) ናቸው፣ መጠነኛ በልጅ (ወደ ውጪ መግፋት) አለ" ይላል። ከባድ እቃ አንስቼ አላውቅም። እኛ ቤት የወገብ ነገር የዘር ነው ይባላል፣ እውነት ነው ወይ? ከሆነስ የአባቴ እጣ ነው የሚጠብቀኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው፣ መልሳቸውም ለየቅል ነው። የዲስክ መድከም በዘር ይሄዳል ወይ ላልከው አዎ፣ በደንብ ይሄዳል፣ ቤተሰቦችህ ትክክል ናቸው። የአባቴ እጣ ነው ወይ ላልከው ግን አይደለም፣ ለምን እንዳልሆነ ደሞ ረጋ ብለን እንየው ምክንያቱም ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ እያደረገ ነው ሳይታመም የሚታመመው።

መጀመሪያ ዲስክ ምን እንደሆነ። ከአንገት እስከ ወገብ ባሉት የአከርካሪ አጥንቶች መሀል 23 ዲስኮች አሉ። የእያንዳንዱ መሀል ውሀ ያዘለ ለስላሳ ነገር ነው፣ በወጣትነት ከ100 ወደ 80 እጁ ውሀ ነው፣ ዙሪያውን ደሞ ከኮላጅን የተሰሩ ጠንካራ ቀለበቶች ተደራርበው አጥብቀው ይዘውታል። ውሀውን እንዳይሄድ ይዞ የሚያስቀረው አግሪካን የሚባል ፕሮቲን ነው። ዲስክ በአዋቂ ሰው ላይ መሀሉ ድረስ የሚገባ የደም ስር የለውም፣ ምግቡም ኦክስጅኑም ከላይና ከታች ካለው አጥንት በስስ የካርቲሌጅ ሽፋን በኩል ቀስ እያለ ሰርጎ ነው የሚደርሰው፣ ለዛ ነው አንዴ ከተጎዳ ራሱን የመጠገን አቅሙ ትንሽ የሆነው። አግሪካኑ ሲቀንስ ውሀው ይቀንሳል፣ ዲስኩ ይሳሳል፣ ቀለበቱ ይሰነጠቃል፣ ወደ ውጪም ገፋ ገፋ ይላል፣ በልጅ የተባለው እሱ ነው። የኤምአርአይ ፊልምህ ካለ አውጣውና መስኮት ላይ አድርገህ እየው፣ ከጎን የተነሱት ምስሎች ውስጥ የአከርካሪው ቦይ ፈሳሽ ነጭ ሆኖ የሚታይበትን ፈልግ፣ እሱ ላይ ከላይ ያሉት ዲስኮችህ መሀላቸው ነጣ ያለ ነው፣ ከታች ያሉት ሁለቱ ግን ጠቁረው ታገኛቸዋለህ። ውሀ ያለበት ይነጣል፣ የደረቀ ይጠቁራል፣ ሪፖርቱ "ዲጀነሬትድ" ያለው ይሄንን ጥቁረት ነው።

ድሮ ሀኪሙም ህዝቡም ይሄ የሚመጣው ከስራ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው፣ ሸክም፣ ማጎንበስ፣ መንዳት፣ በቃ ወገብ እንደ ማሽን ያልቃል ነበር አስተሳሰቡ። ይሄንን የቀየሩት ፊንላንድ ውስጥ የተሰሩ ጥናቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ፊንላንድ የመንታዎች መዝገብ አላት፣ ሚሼል ባቲዬ እና ታፒዮ ቪደማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ከመዝገቡ ላይ አንድ አይነት መንታዎችን፣ ማለትም ጂናቸው አንድ የሆኑትን፣ ግን ህይወታቸው የተለያየውን መረጡ፣ አንዱ እድሜ ልኩን ከባድ ስራ ሲሰራ የኖረ ወንድሙ ደሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ የኖረ። ከዛ የሁለቱንም ወገብ በኤምአርአይ አነሱ። ስራ ቢሆን ኖሮ ዋናው ምክንያት የሰራተኛው ወገብ አልቆ የቢሮኛው ደህና ሆኖ መታየት ነበረበት። የታየው ግን የሁለቱ ወገብ በጣም መመሳሰሉ ነው፣ አንዱ ላይ የጠቆረው ዲስክ ሌላውም ላይ እዛው ቦታ ጠቁሮ ይገኛል።

በ1995 እ.ኤ.አ. 115 ጥንድ ወንድ መንታዎች ላይ ባወጡት ውጤት የላይኞቹ የወገብ ዲስኮች ላይ ለሚታየው ልዩነት የሰውነት ጫና ብቻውን 7 ከመቶውን ነው የገለፀው፣ እድሜ ሲጨመርበት 16 ደረሰ፣ የቤተሰብ ነገር ሲጨመር ግን 77 ገባ። የታችኞቹ ላይ፣ ያንተ ሁለቱ ያሉበት ቦታ ማለት ነው፣ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ጫናው 2፣ ከእድሜ ጋር 9፣ ከቤተሰብ ጋር 43 ከመቶ። የቤተሰብ ሲባል ጂንም አለበት ልጅነትን አብሮ ማሳለፍም አለበት። በ1999 እ.ኤ.አ. ደሞ ሌሎች ተመራማሪዎች አንድ አይነት መንታዎችን ከማይመሳሰሉ መንታዎች ጋር አወዳድረው የወገብ ዲስክ መድከም ውርስነቱ 74 ከመቶ ነው አሉ። በአጭሩ ቤተሰባችሁ ውስጥ መደጋገሙ አጋጣሚ አይደለም። በተለይ ወንድምህ ላይ የደረሰው አይነት፣ በወጣትነት የሚመጣ የዲስክ መንሸራተት፣ ቤተሰብን ይከተላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። የዘር ነው የተባለው የዲስኩ መድረቅ ነው፣ ህመሙ አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. ወገባቸውን ምንም የማያማቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል ከተለያዩ ጥናቶች ተሰብስቦ ነበር፣ በ20ዎቹ መጀመሪያ ካሉት 37 ከመቶው፣ 30 አመት አካባቢ ካሉት 52 ከመቶው፣ 80 አመት የሞላቸው ደሞ 96 ከመቶው ዲስካቸው የደከመ ነበር። በድጋሚ ልበልህ፣ እነዚህ የማያማቸው ሰዎች ናቸው። ያንተን እድሜ የያዘ ጤነኛ ሰው ከመንገድ ጠርተህ ብታስነሳው "ዲጀነሬትድ" የሚል ሪፖርት ይዞ የመውጣት እድሉ ከግማሽ በላይ ነው። እንደ ሽበት አስበው፣ አንዳንዱ ገና በ25 አመቱ አባቱን መስሎ ይሸብታል፣ ሌላው በ50 አመቱም ጥቁር ነው፣ ሽበቱ የዘር ነው ግን በሽታ አይደለም። የህመሙ ውርስነት ደሞ የፊንላንድ መንታዎች ላይ ሲለካ ከ30 እስከ 46 ከመቶ ነው የመጣው፣ ከዚህም ውስጥ በዲስኩ መድከም በኩል የሚያልፈው ትንሹ ክፍል ነው። የቀረው ህመም ከብዙ ቦታ ይመጣል፣ ከእንቅልፍ፣ ከጭንቀት፣ ከጡንቻ መድከም፣ ከስራ፣ እና ከፍርሀት። ፍርሀቱን አትናቀው። "ዲስክህ አልቋል" የተባለ ሰው ያን ቀን ጀምሮ ጎንበስ ማለት ይፈራል፣ ኳሱን ይተዋል፣ ልጁን አያነሳም፣ ጀርባው በዛው ይደርቃል ይደክማል፣ ህመሙም ይብሳል።

ስለዚ ምን ታደርጋለህ፣ ትንቀሳቀሳለህ። በቀን ግማሽ ሰአት ፈጠን ያለ እግር ጉዞ፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ከፊዚዮቴራፒስት ጋር፣ ባንክ ውስጥ ስትቀመጥ በየ40 ደቂቃው ምናምን መነሳት። በየፋርማሲው ዲክሎፈናክ የሚባለውን የማስታገሻ መርፌ መወጋቱን እዚህ አገር በጣም ለምደነዋል፣ ጨጓራም ኩላሊትም ይጎዳል፣ ሀኪም ሳያዝህ አትድገመው። አባትህ ስራ ያቆሙት በዲስካቸው ይሁን በሌላ ነገር ዛሬ ላይ ሆነን መናገር አንችልም፣ በሳቸው ጊዜ ለወገብ ህመም የሚታዘዘው ፍራሽ ላይ ተኝቶ መሰንበት ነበር፣ ዛሬ ግን መተኛቱ ራሱ እንደሚያባብስ ታውቋል።

ጥያቄ፦ አረብ አገር የቤት ሰራተኛ ነኝ፣ 5ኛ አመቴ ነው። ምንጣፍ ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ፣ አሮጊቷንም እኔ ነኝ የማነሳት። ወገቤ ከያዘኝ 8 ወር አልፎታል፣ ህመሙ እስከ ባቴ ይወርዳል። ሀኪም ጋ ወስደውኝ እናቴም ወገቧን ያማት እንደነበር ስለተናገርኩ "እሱማ በዘርሽ ነው የመጣው፣ ከስራው አይደለም" አሉኝ አሰሪዎቼ። እውነት የዘር ከሆነ እነሱን መውቀስ አልችልም ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ጥያቄሽ ነው ይሄን አምድ በጥንቃቄ እንድንፅፍ ያደረገን። ከላይ ያሉት ቁጥሮች እንዲህ አይነት ሰው እጅ ሲገቡ መሳሪያ ይሆናሉ፣ ያ ደሞ የቁጥሮቹን ትርጉም ማጣመም ነው።

74 ከመቶ በዘር ነው ሲባል ያንቺ ወገብ 74 እጁ ከእናትሽ 26 እጁ ከስራሽ የመጣ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ቁጥር ስለ አንድ ሰው አይናገርም፣ ስለ ብዙ ሰዎች መለያየት ነው የሚናገረው፣ የተጠኑት ሰዎች ዲስክ እርስ በርሱ ለምን ተለያየ፣ ከልዩነቱ ምን ያህሉ በጂን መለያየት ይገለፃል ነው ጥያቄው። ሰዎቹ ሲቀየሩ ኑሮአቸው ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ለምሳሌ የፊንላንዱ ጥናት ላይ ያሉት የራሳቸው አገር ላይ በራሳቸው ቤት የኖሩ ወንዶች ናቸው፣ ሰው አልጋ ላይ ብቻዋን የምታነሳ የእረፍት ቀን የሌላት ሴት እዛ ውስጥ የለችም። ሁለተኛ ነገር፣ ተመራማሪዎቹ የለኩት የዲስክ መድረቅን ነው፣ አንቺ ደሞ ያለሽ ህመም ነው፣ እግርሽ ላይ የሚወርድ የነርቭ ህመም። ከባድ ነገር ደጋግሞ ማንሳት፣ በተለይ እየተጣመሙ ሰው ማንሳት፣ የወገብ ህመምን እንደሚያመጣና እንደሚቀሰቅስ በደንብ የሚታወቅ ነው፣ በየአገሩ ነርሶች በወገብ ህመም ከሚቸገሩ ሰራተኞች ግንባር ቀደም የሆኑት ለዚህ ነው። ዲስክሽ በተፈጥሮው ደከም ያለ ቢሆን እንኳን እንደውም ሸክሙ እንዲቀልልሽ የሚያስፈልገው ላንቺ ነው፣ ዘርሽ እነሱን ነፃ አያወጣም።

እግር ላይ የሚወርደው ህመም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ይቀንሳል፣ የተንሸራተተው ቁራጭ ራሱ በሰውነት እየተበላ የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ያንቺ 8 ወር ሆኖታል፣ ስለዚ በማስታገሻ ብቻ መታለፍ የለበትም። ነርቭሽ የሚታይበት ምርመራ ያስፈልግሻል፣ በእግር ጣቶችሽና በተረከዝሽ መቆም ትችያለሽ ወይ ብሎ የሚያይሽ ሀኪም። ሀኪም ቤት የሚሰጥሽን ወረቀት ሁሉ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ አገር ቤት ላለ ለምታምኚው ሰው ላኪ፣ ኦርጅናሉ ሌላ ሰው እጅ ሊቀር ይችላል። አሮጊቷን ስታነሺ ብቻሽን አታንሺ፣ ከአልጋ መጀመሪያ ወደ ጎን አዙረሽ እግራቸውን ወደ መሬት አውርደሽ ካስቀመጥሽ በኋላ ነው ማስነሳት፣ ደረትሽ ላይ አስጠግተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ። ሽንት መሽናት ካቃተሽ፣ ወይ በጭንሽ መሀልና በመቀመጫሽ አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ፣ ያን ሌሊት ሳታሳልፊ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለብሽ፣ ለማንም "ነገ ይደርሳል" እንዳትዪ፣ ነርቩ በሰአታት ውስጥ ካልተለቀቀ የማይመለስ ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ 14 አመት ታክሲና ኡበር ነድቻለሁ፣ አሁን 48 አመቴ ነው። ዲስክህ ደርቋል ተባልኩ። መንዳቱ ነው ያደረቀብኝ?

መልስ፦ ያደረቀው መንዳቱ ለመሆኑ ማስረጃው ደካማ ነው። እነዛው የመንታ ተመራማሪዎች 45 ጥንድ ወንድ አንድ አይነት መንታዎችን ወስደው አንዱ እድሜውን በሹፍርና ያሳለፈ ሌላው ብዙም ያልነዳ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት በሁለቱ ዲስኮች መሀል ልዩነት አላገኙም። ይሄ ማለት ግን ረጅም ሰአት መቀመጥ አያምም ማለት አይደለም፣ የሚነዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ከ10 ሰአት ሽፍት በኋላ ከመኪና መውረድ ምን እንደሚመስል። ተሳፋሪ ስትጠብቅ ውረድና ተራመድ፣ የወንበሩን ጀርባ ትንሽ ወደ ኋላ አድርገው፣ የኪስ ቦርሳህን ከኋላ ኪስህ አውጣ። የምታጨስ ከሆነ ደሞ እሱን አቁም፣ ባጨሱና ባላጨሱ አንድ አይነት መንታዎች ላይ በ1991 እ.ኤ.አ. በተሰራ ትንሽ ጥናት የአጫሾቹ የወገብ ዲስክ የመድከም ውጤት ከመንታዎቻቸው በ18 ከመቶ በልጦ ነው የተገኘው፣ ጂናቸው አንድ ስለሆነ ደሞ ልዩነቱን በዘር ማሳበብ አይቻልም። ዲስክ በራሱም ደም የማያገኝ ነገር ነው፣ ሲጋራ ደሞ ዙሪያው ያሉትን ቀጫጭን የደም ስሮች ያጠባቸዋል።

ጥያቄ፦ ከስቶክሆልም ነው። በምራቅ የሚሰራ የዲኤንኤ ምርመራ በፖስታ አዝዤ ውጤቱ ላይ ለዲስክ ችግር ተጋላጭ ነህ ይላል። ለልጆቼም ላሰራላቸው ወይ? ቫይታሚን ዲስ ልጀምር? እሱም እዛ ላይ ተፅፏል።

መልስ፦ ለልጆችህ አታሰራላቸው። አንድ "የዲስክ ጂን" የሚባል የለም፣ ያሉት ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ትንሽ ትንሽ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከተገኙት አንዱ ቫይታሚን ዲን የሚቀበለው ፕሮቲን ጂን ነው፣ በቀጣዩ አመት አግሪካንን የሚሰራው ጂን ጃፓን ውስጥ፣ ኮላጅን 9 የሚባለው ደሞ ፊንላንድ ውስጥ ተገኙ። ከዛ ወዲህ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ በተሰሩ ጥናቶች ሌሎች ብዙ ተጨምረዋል።

የኮላጅን 9ኙን ታሪክ ልንገርህ ምክንያቱም ስለምርመራው ብዙ ያስተምራል። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ የዲስክ በሽታ ካለባቸው 157 ሰዎች 6ቱ ላይ አንድ የጂን ለውጥ ተገኘ፣ ከ174 ሌሎች ሰዎች ላይ ደሞ አንድም አልተገኘም፣ ያኔ ትልቅ ዜና ነበር፣ አሁን ጂኑ ተያዘ ተባለ። ከጥቂት አመት በኋላ ያንኑ ለውጥ ደቡብ ቻይናውያን ላይ ሲፈልጉት ከ5 ሰው አንዱ ተሸክሞት ተገኘ። እነሱም ላይ ለዲስክ መድከም ተጋላጭነትን ይጨምራል፣ ግን ከ5 ሰው አንዱ የተሸከመውን ነገር በሽታ ብለህ መጥራት አትችልም፣ አብዛኞቹ ወገባቸውን ሳያማቸው ነው የሚኖሩት። እኛን በተመለከተ ደሞ ችግሩ ይብሳል፣ እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው አውሮፓውያንና የሩቅ ምስራቅ ሰዎች ላይ የተሰሩ ናቸው፣ በአለም ላይ ሰፊው የጂን ብዝሀነት ያለው ግን አፍሪካ ውስጥ ነው። ስለዚ ያ ወረቀት ላይ ያለው "ተጋላጭ ነህ" የሚለው ነገር ከአውሮፓ ሰው ተለክቶ ላንተ የተሰፋ ልብስ ነው፣ ላይሆንህ ይችላል። ይሄ ክፍተት መሞላት አለበት ብዬ አምናለሁ፣ የኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች የራሳችንን ሰው ቢያጠኑ ለኛም ለአለምም ይጠቅማል።

ቫይታሚን ዲን በተመለከተ፣ ተቀባዩ ጂን ተለየ ማለት ቫይታሚኑ አነሰህ ማለት አይደለም፣ መውሰድም ዲስክን አይመልስም። ግን ስቶክሆልም ነህ፣ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው እዛ ቫይታሚን ዲ ቢያንሰው አይገርምም፣ ለአጥንትህ ብለህ በደም አስለካና ካነሰ ሀኪምህ ያዝልሀል። ሁለቱን ጉዳይ ብቻ አታገናኛቸው።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምፅፈው። ባለቤቴ ሁለቴ ወገቡን ኦፕራሲዮን ሆኗል። ልጄ 15 አመቱ ነው፣ ኳስ ይወዳል፣ የትምህርት ቤት ቦርሳውም ከባድ ነው። እንደ አባቱ እንዳይሆን ኳሱን ላስቁመው ወይ? አሁኑኑ ኤምአርአይ ላስነሳው ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባናል፣ ባልዎን ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ የጠበቁ ሰው ነዎት። ኳሱን ግን አያስቁሙት። በ1991 እ.ኤ.አ. እድሜያቸው ከ21 በታች የሆኑ የዲስክ መንሸራተት የደረሰባቸው ልጆች ላይ በተሰራ ጥናት ቤተሰቡ ውስጥ የታመመ ያለበት ልጅ የመታመም እድሉ ወደ 5 እጥፍ ከፍ ይል ነበር፣ ይሄ ብዙ ይመስላል፣ ነገር ግን በዛ እድሜ የዲስክ መንሸራተት ከመጀመሪያው ብርቅ ስለሆነ ብርቅ የሆነ ነገር 5 ጊዜ ቢበዛም ትንሽ ነው፣ አብዛኛው እንደ ልጅዎ ያለ ልጅ ምንም አይሆንም። ዲስክ የሚመገበው ሲንቀሳቀሱ ነው፣ የሚሮጥ ልጅ ወገቡ ይጠነክራል። ቦርሳው ቢቀልለት ለትከሻውም ጥሩ ነው፣ በሁለቱም ትከሻው ይያዘው፣ ዲስክ ያበላሻል የሚለው ግን ያን ያህል ማስረጃ የለውም።

ኤምአርአዩን አያስነሱት፣ ምንም የማያመውን ልጅ። ምስሉ ላይ የሆነ ነገር ሊገኝ ይችላል፣ ከዛ በኋላ ልጁ ራሱን እንደ በሽተኛ ማየት ይጀምራል፣ እርስዎም እንቅልፍ ያጣሉ። ልጅ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ የጀርባ ህመም ካለው፣ ትኩሳት ካለው፣ እግሩ ከደከመ ወይም ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰአት በላይ ወገቡ ደርቆ ሲንቀሳቀስ የሚለቀው ከሆነ ያኔ ሀኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ፆም ሲገባ እሰግዳለሁ፣ ዲስክ አለብህ ከተባልኩ ወዲህ ግን ፈራሁ። ስግደቱን ልተው? ወጌሻ ጋ ሄጄ ቢያሸኝስ ይሻለኛል?

መልስ፦ ስግደት በራሱ ዲስክን አይጎዳም፣ ብዙ አዛውንቶች እድሜያቸውን ሙሉ ሲሰግዱ ነው የኖሩት። ህመሙ እግር ላይ እየወረደ ባለበት ሳምንት ግን አቁም፣ ንስሀ አባትህን ብትጠይቅ ለታመመ ሰው የሚሉህን ያውቃሉ፣ ለሙስሊም አንባብያንም ህመምተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ እንደሚችል የታወቀ ነው። ሲሻልህ ስትመለስ ደሞ ልክ ከአልጋ እንደተነሳህ አትጀምር፣ ዲስኮች ሌሊት ውሀ ስለሚመጥጡ ጠዋት ላይ ወጥረው ነው የሚነሱት፣ ለዚህ ነው ጠዋት ቁመታችን ከማታው በ1 ሴንቲ ሜትርና ከዛም በላይ የሚረዝመው። አንድ ሰአት ያህል ወዲያ ወዲህ ካልክ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ወጌሻው በቅባት ቀስ አድርጎ ጡንቻህን ቢያሽልህ ችግር የለውም፣ ወገብህን ጠምዝዞ ካንኳኳ ወይም ጀርባህ ላይ ልቁም ካለ ግን ተነስተህ ሂድ።

ጥያቄ፦ ከባህር ዳር፣ ወንድ ነኝ፣ 29 አመቴ። ወገቤን ካመመኝ 3 ወር ሆኖኛል። አባቴም እንዲህ ስለነበር የዘር ነው ብለው ቤተሰቦቼ አረጋግተውኝ ሀኪም ጋ አልሄድኩም፣ አንዳንዱ ደሞ ብርድ መቶህ ነው ይለኛል። ማታ ማታ ያልበኛል፣ ክብደቴም ቀንሷል። ከዲስክ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ አይገናኝም ወንድሜ፣ ዲስክ ማታ ላብ አያመጣም፣ አያከሳም። አንተ የፃፍከው ነገር የአከርካሪ ቲቢን እንድናስብ ያስገድደናል፣ እኛ አገር ደሞ ይሄ በሽታ አለ፣ ወጣቶችንም ይይዛል። ሳል ላይኖርህ ይችላል፣ የአከርካሪ ቲቢ የግድ በሳንባ ምልክት አይመጣም። ሌላው ሊታሰብ የሚገባው ያልፈላ ወተት ከጠጣህ ወይ ከከብት ጋር የምትውል ከሆነ ብሩሴሎሲስ ነው፣ እሱም ላብ ያመጣል ወገብም ይይዛል። የአባትህ ወገብ ህመም በዚህ ላይ ምንም አይጨምርም አይቀንስም፣ "የዘር ነው" የሚለው ቃል ሰው አፅናንቶ ቤት የሚያስቀምጥበት ጊዜ እንዲህ ሲሆን በጣም አደገኛ ነው።

ነገ ጠዋት ሂድ፣ ሳምንት አትጠብቅ። ወደ ጤና ጣቢያም ቢሆን ሂድና እንደፃፍክልን አድርገህ ንገራቸው፣ 3 ወር፣ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ እነዚህን ሶስቱን አንድ ላይ በላቸው ምክንያቱም "ወገቤን ያመኛል" ብቻ ካልክ ማስታገሻ ፅፈው ሊልኩህ ይችላሉ። ደም፣ ራጅ፣ ካስፈለገም ኤምአርአይ ያዙልሀል። ጀርባህ ላይ ጎበጥ ያለ ቦታ እንዳለ እጅህን አከርካሪህ ላይ ከላይ ወደ ታች አድርገህ ዳስስ ወይ ሰው ይይልህ፣ ካለ እሱንም ንገራቸው። ቲቢ ከሆነ መድሀኒቱ በመንግስት ጤና ተቋም በነፃ ነው የሚሰጠው፣ ለወራት ይወሰዳል፣ በጊዜ ከተጀመረ ይድናል። ከቆየ ግን አጥንቱን ሰብሮ ነርቩን ይጫናል። እስክትሄድ ድረስ ማንም ወገብህን እንዳያሽህ፣ ከባድ ነገርም አታንሳ፣ እግርህ መድከም ከጀመረ ደሞ ነገንም አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግባ።